ከገረጋንቲው በፊት ውሃው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የሚኖሩት ከእንጦጦ ተረተር ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል ነው። ከአስፋልቱ ተነስቶ በባሕር ዛፍ መካከል ወደ ሰባት ቤቶች የሚወርድ 1.4 ኪሎ ሜትር ጥርጊያ አላቸው። መንገዱን አስቦ ያወጣው ሰው የለም፤ ግንድ ሲጎተትበት፣ አጣና የተጫነ አህያ ሲመላለስበት፣ በኋላም አይሱዙ ሲገባበት እየሰፋና እየጎደጎደ የመጣ ነው። የላይኛው 800 ሜትር ቀይ አፈር ያለው ቁልቁለት ነው። ከዚያ አንድ ጅረት ይሻገራል። የቀረው 600 ሜትር ገደማ ጥቁር አፈር ያለበት ሜዳ ነው። ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛትን ባለቤታቸውን ጎረቤት ተሰብስቦ በወሳንሳ ተሸክሞ ነው አስፋልት ያደረሳት። አሁን ሰባቱ አባወራዎች ለ10 ገልባጭ መኪና ገረጋንቲ የሚበቃ ገንዘብ አዋጥተዋል። «ክረምት ሳይገባ ምን ዓይነት ገረጋንቲ እናስመጣ? ከየት እንጀምር? ግሬደርስ ለስንት ቀን እንከራይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችልዎ፤ የተወለደውም ሕፃን ይደግልዎ።

መልሴን ከሚያስከፋው ልጀምር። ክረምት ሳይገባ አንድም መኪና ገረጋንቲ አታስደፉ። ገንዘቡ ባንክ ይቀመጥ። ይህን የምለው ችግራችሁን አቅልዬ አይደለም፤ ገንዘቡ ከሰባት ቤት ጓዳ የወጣ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንየው። አንድ ትልቅ ገልባጭ ብዙውን ጊዜ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል፤ አሥሩ 160 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። ገረጋንቲ ሲጠቀጠቅ ሩብ ያህሉ ይቀንሳልና መንገዱ ላይ የሚቀረው 120 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ስፋቱን 4 ሜትር፣ ውፍረቱን 15 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው የሚያለብሰው 200 ሜትር ብቻ ነው። ሙሉውን 1.4 ኪሎ ሜትር እናልብስ ካላችሁ ወደ 70 መኪና ያስፈልጋችኋል። ስስ አድርገን እንበትነው ካላችሁ ደግሞ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያንን የመጀመሪያው ዶፍ ጠርጎ ጅረቱ ውስጥ ይከተዋል።

ዋናው ችግር ግን የገረጋንቲው ማነስ አይደለም። ከላኩልኝ ፎቶዎች በአንዱ ላይ አንድ ጎልማሳ መንገዱ መሐል ቆሟል፤ የግራና የቀኙ አፈር ደረቱ ይደርሳል። ከእግሩ ሥር ታጥቦ የወጣ ድንጋይ ይታያል፤ በድንጋዩ መካከል የባሕር ዛፍ ሥር እንደ ገመድ ተዘርግቷል። ይህን ሁሉ አፈር የበላው ጎማ አይደለም። ግንዱና ጎማው መስመሩን አሰመሩለት፣ የቆፈረው ግን ውሃ ነው። ስሙ መንገድ ይሁን እንጂ በሐምሌ ወንዝ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የተደፋ ገረጋንቲ ደግሞ ከወንዙ ጋር ይወርዳል።

ይህን የተማርኩት በሰው ሀብት ነው። የመንገድ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አንድ መሥሪያ ቤት ያሠራው በነበረ የገጠር መንገድ ላይ ተመድቤ ነበር። ልክ እንደ እናንተው ዓይነት የጎደጎደ የግንድ መጎተቻ በገረጋንቲ ሞላን፤ በሮለር ጠቀጠቅን፤ በግንቦት አስረከብን። ያኔ ላየው ሰው ያማረ መንገድ ነበር። በነሐሴ ስመለስ ገረጋንቲው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ በአንድ ገበሬ የጤፍ ማሳ ላይ ተነጥፎ አገኘሁት። ባለማሳው ጎንበስ ብለው ጠጠሩን በእጃቸው እየለቀሙ ቁና ውስጥ ያጠራቅማሉ። ምንም አልተናገሩኝም። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ለቀማቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የውሃው መውጫ ሳይታወቅ ገረጋንቲ አዝዤ አላውቅም።

የውሃውን ጉልበት በጀሪካን ልንገራችሁ። ከመንገዱ በላይ ያለው ተዳፋት አንድ ሄክታር ቢሆንና በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚያወርድ ኃይለኛ ዶፍ ጊዜ ከዝናቡ 40 በመቶው መሬት ሳይሰርግ ቢወርድ፣ በየሰከንዱ 67 ሊትር ያህል ይመጣል። ያ ማለት ሴኮንድ በቆጠረ ቁጥር ሦስት ትልልቅ ቢጫ ጀሪካን ውሃ መንገዱ ላይ ይገለበጣል። የእናንተ ተዳፋት ከአንድ ሄክታር እንደሚበልጥ ከፎቶው ያስታውቃል። ባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በእንጦጦ ዙሪያ ቅጠሉና ጭራሮው ተጠርጎ ለማገዶ ስለሚሄድ መሬቱ ገላጣ ነው፤ ውሃውን የሚይዝለት ሣርም ሆነ ብስባሽ የለውም። ባሕር ዛፍን ለመክሰስ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው እንጨት ተመናምኖ ሳለ፣ በምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ነው ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣት። መንገድ ሲሠራ ግን ጠባዩን ማወቅ ግድ ነው። የእንጦጦ ተረተር ውሃ ከፋይ መሆኑንም አስቡት፤ የከተማዋ ወገን በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ሲገባ፣ የእናንተው ወገን በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። ከመንገዳችሁ የታጠበው ቀይ አፈር የሄደው ወደዚያ ነው።

እንግዲህ ከአሁኑ እስከ ሰኔ አጋማሽ ምን ይደረግ? ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። አንድ ቀን ደቦ ጥሩና በዶማና በድጅኖ ከጎድጓዳው መንገድ ውሃውን ወደ ጎን የሚያስወጡ መልቀቂያዎች ቅደዱ። ዳሩ ደረት በሚደርስበት ቦታ አትድከሙ፤ ዝቅ ያለበት ስፍራ አይጠፋም፤ እዚያ ቅደዱት። ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ወደ ጎን አይሂድ፤ ወደ ቁልቁለቱ ያዘንብል። የወጣውን አፈር ከቀዳዳው በታች በኩል መንገዱን አቋርጣችሁ እንደ ዝቅተኛ እርከን ከምሩትና በእግር እርገጡት፤ ውሃው ሲመጣ ያ ጉብታ ገፍቶ ወደ ቀዳዳው ይመራዋል። ቁልቁለቱ በበረታበት በየ30 ሜትሩ፣ ለስለስ ባለበት በየ50 ሜትሩ አንድ ቢኖር ጥሩ ነው። የምትለቁት ሣር ወይም ቁጥቋጦ ወዳለበት ይሁን፤ የጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይሆን።

ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ተመልካች ትሆናላችሁ። ይህን እንደ ቀላል አትዩት፤ ለእኔ ከግሬደሩ ይልቅ ዋጋ ያለው ሥራ ይህ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሳይሆን እየዘነበ ሳለ፣ ቦት ጫማ አድርገው ከላይ እስከ ታች ይውረዱ። አንድ ሸክም ቀጫጭን አጣና ቀድመው ያዘጋጁ። ውሃው ወደ መንገዱ በሚገባበት ቦታ ሁሉ አጣና ተክለው ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት። በራሱ ጊዜ ከመንገዱ ወጥቶ በሚሄድበት ላይ ነጭ ጨርቅ፤ መሄጃ አጥቶ በሚተኛበት ላይ ጥቁር ፌስታል። በሐምሌና በነሐሴ አራት አምስት ጊዜ ይህን ካደረጉ፣ በመስከረም መንገዱ ራሱ ፕላን ሆኖ ይጠብቃችኋል። ማንም መሐንዲስ በበጋ መጥቶ በአንድ ቀን ይህን ሊያውቅላችሁ አይችልም።

ግንባታው ጥቅምት ላይ ይጀመር። ብዙ ሰው የካቲትና መጋቢትን ይመርጣል፣ መሬቱ ደረቅ ነው በማለት። እኔ አልስማማም። በየካቲት ቀይ አፈር ዱቄት ነው፤ ዱቄት አይጠቀጠቅም፤ በቦቴ ውሃ ልታመጡለት ነው። በጥቅምት ግን ላዩ ጠፈፍ ብሎ ውስጡ እርጥበት አለው። ለመጠቅጠቅ የደረሰ መሆኑን በእጅ ማወቅ ይቻላል። አንድ እፍኝ አፈር አጥብቀው ይጨብጡ፤ መዳፍዎን ሲከፍቱ ቅርጹን ይዞ ከቆየ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ለሁለት ከተሰበረ፣ መዳፍዎንም ካላረጠበ ልኩ ነው። ከተበተነ ውሃ ይፈልጋል፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ጥቂት ቀን ይጠብቁት።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ፎቶው ካላታለለኝ በመካከሉ ያለው ቀጥ ያለ ክፍል ተዳፋቱ 15 በመቶ ይደርሳል። እርግጠኛ ለመሆን መሣሪያ አያስፈልጋችሁም፤ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ 15 ሜትር ያህል ገዝታችሁ ውሃ ሙሉበት። ሁለት ሰዎች በ10 ሜትር ርቀት ቆመው ሁለቱን ጫፎች ከእንጨት ጋር ያስተካክሉ። በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ነውና፣ ከመሬት እስከ ውሃው ያለውን ለክታችሁ ልዩነቱን ውሰዱ። በ10 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው፤ 1.5 ሜትር ከሆነ 15። አፈር መንገድ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ የትኛውም ገረጋንቲ አይቆይለትም፤ ለአጭር ርቀት 12 ይፈቀድ ይሆናል።

ስለዚህ የዚያን ክፍል መንገድ አንቀሳቅሱት። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ «አባቶቻችን የሄዱበትን?» ይላል። የግንድ መጎተቻ ግን አጭሩን ነው የሚመርጠው፤ ግንድ ቁልቁል መንሸራተት እንጂ መዞር አይፈልግም። ውሃም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ በአንድ መስመር የተገናኙት። 200 ሜትር የሆነው ቀጥ ያለ ክፍል 30 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ ይህንኑ በ10 በመቶ ለመውረድ 300 ሜትር ያስፈልጋል። 100 ሜትር ብቻ ጨምራችሁ ተዳፋቱን ወገብ ላይ ይዛችሁ በአንድ መታጠፊያ ትወርዳላችሁ ማለት ነው። መታጠፊያውን በጣም ሜዳ በሆነው ስፍራ አድርጉት፤ ጭነት የያዘ አይሱዙ ሳይመላለስ እንዲዞር ራዲየሱ ከ12 ሜትር አይነስ። ዛፍ ከመቆረጡና መሬት ከመነካቱ በፊት ግን ከባለይዞታዎቹ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ ቀበሌውም ይወቅ፤ ደኑ የመንግሥት ከሆነ ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ሳይያዝ አንድ አጣና አይነካ።

አዲሱ መስመር ላይ የሚቆረጠው የባሕር ዛፍ ጉቶ ከነሥሩ ይነቀል። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ጉቶውን ከመሬት እኩል ቆርጦ አፈር ማልበስ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ገበሬ የሚወደውም ለዚህ ነው። ተጠቅጥቆ ባለቀ መንገድ መሐል፣ አፈሩን እንደ ክዳን ወደ ላይ ብድግ አድርጎ አራት ቀያይ ቀንበጥ ያወጣ ጉቶ አይቻለሁ። ቢሞትም አያተርፍም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይበሰብስና ባዶ ጉድጓድ ይተዋል፤ ጎማ እዚያ ይገባል። ቅርንጫፍ፣ ልጥና ሥር በድልዳሎው ውስጥ አይቀበር። ጉቶ ነቀላ የግሬደር ሥራ አይደለም፤ ለአዲሱ መስመር ቆረጣም ሆነ ለጉቶው ኤክስካቫተር ለጥቂት ቀናት ብትከራዩ ይሻላል። ግሬደሩ በመጨረሻ ለማስተካከል ለሁለት ቀን ይበቃችኋል።

የመንገዱ ገጽ ጠፍጣፋ አይሁን። መሐሉ ጎበጥ ብሎ ግራና ቀኙ ዝቅ ይበል፤ 4 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ መሐሉ ከዳሩ 10 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ። በተዳፋቱ ወገብ ላይ ሲሄድ አንዳንዶች መንገዱን በሙሉ ወደ ገደሉ ማዘንበል ይመክራሉ፤ ውሃው ሳይጠራቀም ስለሚወርድ ለመንገዱ መልካም ነው። የእንጦጦ ቀይ አፈር ሲረጥብ ግን እንደ ሳሙና ነው፤ ጭነት የያዘ መኪና ወደ ገደሉ ጠርዝ ይንሸራተታል። ሰው ከሚሞት ቦይ መጥረግ ይሻላልና፣ ተዳፋቱ በበረታበት ወደ ተራራው በኩል አዘንብላችሁ የጎን ቦይ አድርጉለት።

ቦዩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ መንገዱን አሻግሮ ማስወጫው ሰፊ ዝቅታ ነው። ይህን የምወደው ብረትም ሲሚንቶም ስለማይጠይቅ ነው። በሦስት መኪና ርዝመት ውስጥ መንገዱ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ከቦታው በወጣው አፈር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይልና ወደ ቁልቁለቱ ይመለሳል። ነጂው እንደ ሞገድ ይሰማዋል እንጂ አይንገጫገጭም። ውሃው ያን ጉብታ መውጣት ስለማይችል ወደ ጎን ይሄዳል። መውጫው ላይ ድንጋይ ደርድሩ፤ አለበለዚያ ውሃው እዚያው ፈፋ ይቆፍራል። ነጭ ጨርቅ ያሰራችሁባቸው ቦታዎች የመጀመሪያዎቹ ዝቅታዎች ናቸው፤ በ10 በመቶ ተዳፋት ላይ በየ35 ሜትሩ አንድ ይኑር።

የተተወው አሮጌ ጥርጊያ እንዲሁ አይጣል፤ ቦረቦር ሆኖ አዲሱን መንገድ ይበላዋል። የተቆረጠውን ቅርንጫፍና ድንጋይ በየ10 ሜትሩ እንደ ክትር አጋድሙበት፤ ሣር ዝሩበት።

ለጅረቱ ቱቦ እንዲቀበር ሐሳብ አለ ብለዋል። አልመክርም። ባሕር ዛፍ ልጡን እንደ ረጅም ሪባን ይጥላል፤ ጎርፍ ሲመጣ ልጡ ከቅጠልና ከጭራሮ ጋር ተጠላልፎ ቱቦው አፍ ላይ እንደ ሽርጥ ይለጠፋል። ከዚያ ውሃው መንገዱን በላይ ይሻገርና ቱቦውን ነቅሎ ይወስደዋል። ለእናንተ የሚሻለው ፎርድ ነው፤ የጅረቱን ወለል በድንጋይና በሲሚንቶ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አንጥፎ መኪናውም ውሃውም በላዩ እንዲያልፉ ማድረግ። ከላይና ከታች በኩል 80 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት የሚገባ የድንጋይ ግንብ ካልተደረገለት ግን ውሃው ከሥሩ ገብቶ ይቦረቡረዋልና በዚህ ላይ አትቆጥቡ። በኃይለኛ ጎርፍ ለአንድ ሁለት ሰዓት መሻገር አይቻልም። የጎን ምልክት አቁሙ፤ ጎርፉ እስኪጎድል ማንም አይግባ።

ጥቁር አፈሩ ሜዳ ሌላ ጠባይ አለው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ያብጥና ጎማ ይውጣል። እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት ሣሩን ገፍፎ መቆፈር ነው። አትቆፍሩ፤ ከፍ አድርጉ። የሣሩ ሥር እንደ ምንጣፍ ሆኖ ድንጋዩን ከመስጠም ይይዘዋል። ከላይ መንገዱ ሲቆረጥ የሚወጣው ቀይ አፈር አይጣል፤ ለዚህ ሜዳ ድልዳሎ አጓጉዙት። በጣም ማጥ በሆነው 100 ሜትር ላይ (ጥቁር ፌስታሎቻችሁ ይነግሯችኋል) መጀመሪያ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ 20 ሴንቲ ሜትር ደርድሩ፤ ቀዩን አፈር በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር እየጠቀጠቃችሁ አልብሱት፤ ገረጋንቲው በመጨረሻ ይምጣ። ከደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) አካባቢ የሚመጣውን ቀይ አሽ፣ ማለት ቀዩን ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ያቀርቡላችሁ ይሆናል፤ ለሥር ድልዳሎ መልካም ነው፣ ላዩን ካለበሳችሁት ግን ጎማ ፈጭቶ አቧራ ያደርገዋል። የጎን ቦዩን ከመንገዱ ዳር ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት፤ የተጠራቀመው ውሃ ከሥር እንዳያረጥበው።

ገረጋንቲው ምን ዓይነት ይሁን ላሉት፦ ጠጠር ብቻ የሆነውን አትቀበሉ፤ ጎማ ሲበትነው ይውላል። የሚያያይዘው ጥቂት ሸክላ ይኑረው። ናሙናውን አርጥበው ጨብጠው ሲለቁት መዳፍዎ ላይ ቀጭን ቀለም የሚተው፣ ጠጠሩም እርስ በእርሱ የሚያያዝ ጥሩ ነው። ጭቃ ሆኖ ጣት ላይ ከተጣበቀ ሸክላው በዝቷል። ከጡጫ የሚበልጥ ድንጋይ ሳይጠቀጠቅ ተለቅሞ ይውጣ።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሜትር ዛፉ ቢነሳ ፀሐይ ይገባለታል። ጥላ ውስጥ ያለ መንገድ ከዝናብ በኋላ ለመድረቅ ሳምንት ይፈጃል። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ደግሞ እንጨት ጫኝ አይሱዙ አይግባ፤ መግቢያው ላይ ሰንሰለት ይኑር፤ ቁልፉም ከእናንተ ከአንዱ ዘንድ ይቀመጥ። የከባድ መኪና ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፤ የአንድ አክስል (ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ነው በመንገድ ሥራ የሚሰላው። ለነፍሰ ጡርና ለታማሚ የምትሄድ ቀላል መኪና ግን ሰንሰለቱ ሁልጊዜ ይፈታላት።

አሥሩን መኪና እንዲህ አከፋፍሏቸው። አምስቱ ጥቁር አፈሩ ላይ ላለው 100 ሜትር ማጥ፤ ሦስቱ ለአዲሱ መታጠፊያና ከእሱ በላይ ላለው የበረታ ዳገት፣ 50 ሜትር ያህል ያለብሱላችኋል፤ አንዱ ለፎርዱ መግቢያና መውጫ። አሥረኛው አይበተን፤ አስፋልቱ አጠገብ ተከምሮ በሸራ ተሸፍኖ ይቆይ፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ጎማ ጉድጓድ በጀመረበት ቦታ አንድ አንድ ባሬላ የምታፈሱት እሱን ነው።